የሁለተኛው ብርጭቆ ሽታ

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአትላስ ጀርባ ባለ ጸጥተኛ መንደር ውስጥ አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው በንባብ ክፍላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፊት ለፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የወይን ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። አንደኛውና ሦስተኛው አልተነኩም። ሁለተኛው እስከ ግማሹ ተጠጥቷል።

ኢንስፔክተር ውባንቺ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን በፖሊስነት አሳልፋለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ከሬዲዮ በቀር የሚናገር ስለሌለ፣ ሥራ ላይ ሰው ሲያወራ ማዳመጥ አይሰለቻትም። ጥሩ መርማሪ ያደረጋት ይኸው እንደሆነ ራሷም ታውቃለች፤ ግን አትኮራበትም።

ረዳቷ ሳጅን ሚስባህ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኗል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ብርጭቆውን ያሽትቱት። ከራቅ ብለው ግን።»

ጎንበስ ስትል፣ ገና አንድ ክንድ ሲቀራት ሽታው ተቀበላት። የተባይ ማጥፊያ ነው፤ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት በላምባ የተለወሰ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሚስባህ። «እኔና ወይን አንተዋወቅም፤ ግን እኔን እንኳ ገና ሳልጠጋው ሸተተኝ። ሰውዬው ደግሞ በከተማው የታወቁ ወይን ቀማሽ ናቸው አሉ። ሳያሸቱ አይቀምሱም። ይህንን አሽትተው ከጠጡ፣ አውቀው ነው የጠጡት። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም፤ ዓመቱም አለቀ። ራሳቸውን አጥፍተዋል።»

«መርዙን በምን አመጡት?»

«እ?»

«ብልቃጥ፣ ፌስታል፣ የሆነ ነገር መኖር አለበት። ኪሳቸውን አየህ?»

«አይቻለሁ። መሐረብና ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ክፍሉም ውስጥ የለም። ቀደም ብለው ጥለውት ይሆናል።»

ውባንቺ ጠረጴዛውን ዞረች። ሟቹ መነጽራቸውን አድርገዋል። ብዕራቸው ክዳኑ ተነስቶ በቀኝ እጃቸው በኩል ተጋድሟል፤ ወረቀት ግን የለም። በክርናቸው አጠገብ የአበባ ማስቀመጫ አለ። ጽጌረዳዎቹ ከጠወለጉ ሳምንታት አልፏቸዋል፤ ውሃው አረንጓዴ ዝልግልግ ሆኖ እንደ ረግረግ ይገማል።

አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማስታወሻዋን አውጥታ አንድ ቃል ጻፈች፦ «አበባ»።

*

ሳሎን ውስጥ ሦስት እንግዶች ተቀምጠዋል። ሦስቱም እርስ በርስ ተራርቀው።

ታሪኩን በመጀመሪያ የተናገረችው ፀደንያ ነበረች። ሃያ ዓመት በበረራ አስተናጋጅነት ሠርታ፣ አሁን ቦሌ ላይ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ከፍታለች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን እንግዳ መቀበል የለመደ ሰው ድምፅ ነው።

«ዘጠኝ ዓመታችን ነው» አለች። «ጳጉሜን ሦስት ስትደርስ፣ እያንዳንዳችን በዓመቱ ከቀመስነው ሁሉ የወደድነውን አንድ ጠርሙስ ይዘን እዚህ እንመጣለን። ጠርሙሱ በጥቁር ካልሲ ይሸፈናል፤ ቁጥር ይለጠፍበታል። ስም አይታይም። ጋሼ ‹ስም ካያችሁ ምላሳችሁ ይዋሻል› ይሉናል።»

«ከዚያስ?»

«እንቀምሳለን፣ እንከራከራለን። በመጨረሻ እያንዳንዳችን ከየጠርሙሳችን አንድ አንድ ብርጭቆ ቀድተን ንባብ ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥላቸዋለን። ትንሽ ዳቦና አይብ ከበላን በኋላ እሳቸው ብቻቸውን ይገባሉ። በሩን ዘግተው፣ ቀምሰው፣ ፍርዳቸውን ጽፈው ይወጣሉ። የዓመቱ ጠርሙስ ይሄ ነው ይሉናል።»

«ብርጭቆዎቹ ከተቀመጡ በኋላ፣ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት፣ ከሳሎኑ የወጣ ሰው አለ?»

ፀደንያ አሰበች። «ሁላችንም። እኔ ሠራተኛዋን ዓለምን ላግዛት ኩሽና ሄድኩ። ጉዲና ስልክ ተደውሎለት ግቢ ወጣ። እዝራ መታጠቢያ ቤት ገባ። ኮሪደሩ ለሁሉም አንድ ነው። ኋላ ጋሼ ሲዘገዩብን አንኳኳን፤ ሲያቅተን በሩን ሰብረን ሁላችንም ገባን።»

«ዛሬ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነገር አላዩም?»

«ምን ልበልዎት… ጋሼ ተጨንቀው ነበር። ሁለት ጊዜ ‹የምነግራችሁ ነገር አለ› አሉና ተዉት። ሌላው…» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የማይረባ ነገር ነው። እዝራ ሽቶ ተቀብቶ መጣ።»

«ሽቶ መቀባት ነውር ነው?»

«እዚህ ቤት ነውር ነው! የወይኑን ጠረን ያጠፋል። ካቻምና እኔ የእጅ ቅባት ቀብቼ ብመጣ፣ ጋሼ ከበሩ መልሰው በሳሙና አስታጥበውኛል። ዛሬ እዝራ ያ ሁሉ ሽቶ እየሸተተ ሲገባ አሁን ጉድ ፈላ አልኩ። አቅፈው ሳሙት። ምንም አላሉትም። ‹ለሱ ሲሆን ጊዜ ነው› ብዬ ቅር አለኝ።»

በሶፋው ጠርዝ ላይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ እሽግ ተቀምጧል። ውባንቺ በዓይኗ ጠቆመች።

«እሱ የኔ ስጦታ ነው። ለጋሼ ያመጣሁት የአበባ ሻይ። ሲፈላ ቤቱን ሁሉ በጠረን ይሞላዋል። ሽታ ነፍሳቸው ስለሆነ…» እሽጉን ወደ ጉያዋ ሳበችው።

*

ጉዲና ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። በዝዋይ በኩል በገዛ እጁ ያለማት ትንሽ የወይን እርሻ አለችው። ጥያቄ ሳይጠብቅ ጀመረ።

«ሁለተኛው ብርጭቆ የኔ ነው። ከኔ ጠርሙስ የተቀዳ፣ እኔው ያስቀመጥኩት። ወርቃማው፣ ጣፋጩ፣ እንደ ማር የሚወፍረው። ስለዚህ የምትይዙኝ ከሆነ ያዙኝ።»

«ይጠሏቸው ነበር?»

ጉዲና መሬት መሬት አየ። «ተቀይሜያቸው ነበር። በሰኔ አንድ ጠርሙስ አመጣሁላቸው። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይለኛል። እውነቱን ይንገሩኝ ብዬ ነው ሌላ ሰው ሳላሳይ ወደሳቸው የመጣሁት። ቀመሱና ‹ግሩም ነው፣ ጉዲና፣ እጅህ ይባረክ› አሉኝ። ቤቴ ሄጄ የተረፈውን ስከፍተው የኮምጣጤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አሹፈውብኛል፤ እንደ ሰው አልቆጠሩኝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ደውዬላቸው አላውቅም። ዛሬ የመጣሁት የዘጠኝ ዓመት ልማድ ጎትቶኝ ነው።»

«ለምን እንደዚያ እንዳሉ ጠየቋቸው?»

«አልጠየቅኩም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን የመታው ይመስል ነበር።

ሦስተኛው እዝራ ነው፤ በቦሌ መንገድ ላይ የታወቀ የወይን ሱቅ ያለው አስመጪ። በሱቁ ያሉት ውድ አሮጌ ጠርሙሶች አንገታቸው ላይ ትንሽ ካርድ ተንጠልጥሎባቸዋል፤ «ቀምሼ አረጋግጫለሁ» ይላል፣ ከሥሩ የአቶ ወልደጻድቅ ፊርማ። ከሦስቱ ሁሉ ለሟቹ ቅርብ እሱ እንደነበር ሌሎቹም መስክረዋል። አሁንም ክፍሉን ሽቶው ሞልቶታል።

«ብቸኝነት ነው የገደላቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ የምመላለስላቸው። ደግሞ አስቡት፤ ያንን አፍንጫ ይዞ መርዝ ሳያውቅ የሚጠጣ ሰው አለ? አፍንጫቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን እንደ ምላጭ ነበር።»

«እስከ መጨረሻዋ ቀን?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት።»

«ትናንት ረጅም ጊዜ በስልክ አውርታችኋል። ስልካቸው ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይላል።»

«ስለ ዛሬው ዝግጅት ነው። ወንበር፣ ዳቦ፣ ምናምን።»

«ሽቶስ? እዚህ ቤት ክልክል ነው አሉ።»

እዝራ ፈገግ አለ። «ረስቼው ነው።»

ውባንቺ ጻፈች። በማስታወሻዋ ላይ አሁን ከ«አበባ» ሥር «ሽቶ» እና «ኮምጣጤ» የሚሉ ቃላት ተጨምረዋል።

*

የቤት ሠራተኛዋ ዓለም ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ሠርታለች። ጠዋት ትመጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትሄዳለች።

«ንባብ ክፍሉን አታጸጂም እንዴ?» አለቻት ውባንቺ። «አበባው ገምቷል።»

«ጠረጴዛዬን አትንኪ ካሉኝ ሳምንታት አልፏል። ሰሞኑን ይጽፋሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጽፉ፣ ሲቀዱ፣ ድምፃቸውን አውጥተው ሲያነቡ ነበር። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አበባውን ግን እንዴት ችለው እንደተቀመጡ እንጃ።»

ውባንቺ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ወተቱ፣ አይቡ፣ የትናንቱ ወጥ፣ ሁሉም ዕቃ ላይ በወፍራም ብዕር ቀን ተጽፎበታል።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እሳቸው ናቸው። አምና ነው የጀመሩት። አንድ ጊዜ የተበላሸ ወተት ጠጥተው ታመሙ፣ ከዚያ ወዲህ ቀን ሳይጻፍበት የሚቀመጥ ነገር የለም። የጋዝ ምድጃውንም ያኔ ነው ያስወጡት።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጋዙ ተከፍቶ ቤቱ ታፍኗል። እኔ ከበር ስገባ ሊጥለኝ ነበር። እሳቸው እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ‹ጋሼ፣ ጋዙ!› ስላቸው ደንግጠው አዩኝ። በነጋታው የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዙ። ‹ለማንም እንዳትናገሪ› አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።»

ውባንቺ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብላ ዘጋችው።

*

በነጋታው ጠዋት ከሚስባህ ጋር ወደ ቤቱ ተመለሱ። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አራቱ ጠርሙሶች እንዳሉ ናቸው። አራተኛው፣ የአቶ ወልደጻድቅ የራሳቸው ጠርሙስ፣ ካልሲውን እንደለበሰ ነው፤ አልተከፈተም። ባለቤቱ በመጨረሻ እከፍተዋለሁ ብለው እንግዶቹን አስጠብቀዋቸው ነበር።

ሚስባህ ካልሲውን ገፈፈው። ከዚያ ሳቀ።

«አምቦ ውሃ! ሰውዬው ቀልደኛ ነበሩ።»

ውባንቺ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንተ ሚስባህ፣ ጉንፋን ሲይዝህ ምግብ ምን ምን ይልሃል?»

«ምንም አይለኝም። ጣዕም ያጣል።»

«አምቦ ውሃስ?»

ሚስባህ ጠርሙሱን ተመለከተ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። «እሱ… ይቆነጥጣል። ጉንፋን ቢይዝም ይቆነጥጣል።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሟቹን መሳቢያዎች ፈተሹ። ከመጻሕፍት ሥር አንዲት የቀጠሮ ካርድ ወጣች፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ያለበት አንድ የግል ክሊኒክ የሰጣት። ውባንቺ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ሄደች። ሐኪሙ መዝገቡን አወጣላት፤ አንድ በአንድም አስረዳት። እሷ ግን ከሐኪሙ ንግግር ይልቅ በቅጹ ግርጌ ያለችው መስመር ላይ ቆይታ፣ እዚያ የተጻፈውን የስልክ ቁጥር ገለበጠች። ከክሊኒኩ ወጥታም ለሚስባህ ደወለችና አንድ ኮት ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዘችው።

*

ጳጉሜን አምስት፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያው ሳሎን ተሰበሰቡ። ፀደንያ፣ ጉዲና፣ እዝራ፣ ዓለም። ሚስባህ በሩን ይዞ ቆመ። ውጭ ልጆች በዝናብ ውስጥ እየጮኹ ይሯሯጣሉ።

«እኔ ወይን አልጠጣም» ብላ ጀመረች ውባንቺ። «ስለዚህ ስለ ወይን የማውቀው እናንተ የነገራችሁኝን ብቻ ነው። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

«አቶ ወልደጻድቅ የሚሸት መርዝ ጠጡ። ሳያሸቱ የማይቀምሱ ሰው ስለሆኑ፣ አውቀው ነው የጠጡት ተባለ። ግን መርዙ የመጣበት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ የጻፉት ወረቀትም የለም። ክፍት ብዕርና መነጽር አለ፤ የሚነበበው ነገር ጠፍቷል። ሁለቱንም ይዞ የወጣ ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ያንን ብርጭቆ እንዴት ሳያውቁ ጠጡት?»

ማስታወሻዋን ገለጠች።

«በክርናቸው ሥር የገማ አበባ አለ። ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ቀን ያልተጻፈበት ምግብ የለም። ጋዝ ቤቱን ሲሞላው ጋዜጣ ያነባሉ። አቶ ጉዲና ኮምጣጤ ቢያቀምሷቸው ግሩም ነው ይላሉ። እዝራ ሽቶ ተቀብቶ ሲገባ አቅፈው ይስሙታል። የዓመቱ ምርጤ ብለው ያመጡት ጠርሙስ ደግሞ አምቦ ውሃ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «አቶ ወልደጻድቅ ማሽተት አይችሉም ነበር። ሐኪማቸው አረጋግጦልኛል። ከአንድ ከባድ ጉንፋን በኋላ ጠፋ፤ አልተመለሰም። አንድ ዓመት ከሰባት ወር።»

ፀደንያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጉዲና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ኮምጣጤው…» አለ።

«አላሾፉብዎትም፣ አቶ ጉዲና። አልሸተታቸውም፤ ምላስ ብቻውን የወይንን ኮምጣጣነት ከኮምጣጤ አይለይም።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «አሁን ነገሩ ይገለበጣል። የሚሸት መርዝ ለወይን ቀማሽ መስጠት እብደት ነው። ገዳዩ ግን እብድ አይደለም፤ ሰውዬው እንደማይሸታቸው ያውቃል። ስለዚህ ገዳዩን መፈለግ አቆምኩና ያንን ምስጢር የሚያውቀውን ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

«ወይዘሮ ፀደንያ አያውቁም። የሚያውቅ ሰው በዚያው ቀን የሚሸት ሻይ በስጦታ አያመጣም። አቶ ጉዲና አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ሦስት ወር አይቀየሙም ነበር። ዓለም ምልክቱን ሁሉ አይታለች፤ እርጅና ነው ብላ አልፋዋለች፤ ያየችውንም ሳትደብቅ ነገረችኝ።» ቆም አለች። «አቶ እዝራ ግን ዘጠኝ ዓመት የተከበረውን ሕግ ረስተው ሽቶ ተቀብተው መጡ። ሌሎቹ ሲደነግጡ እርስዎ አልፈሩም። ኪስዎ ውስጥ ብልቃጥ አለ፤ ክዳኑም ያፈሳል። የሌሎቹን አፍንጫ ማታለል ነበረብዎት። የባለቤቱ ግን አያሳስብዎትም።»

«ይህ ግምት ነው» አለ እዝራ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «እኔም አላውቅም ነበር። ደብቀውናል።»

«‹አፍንጫቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን እንደ ምላጭ ነበር› ብለውኛል።»

«አዎ፣ ስለማላውቅ።»

ውባንቺ ከቦርሳዋ የክሊኒኩን ቅጽ ግልባጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ታካሚ ሲመዘገብ ‹በአደጋ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው› የሚል መስመር ይሞላል። አቶ ወልደጻድቅ የርስዎን ስምና ስልክ ነው የጻፉት። ሐኪሙም ያስታውስዎታል፤ በመኪናዎ ያመጧቸው፣ ውጤቱ ሲነገራቸው አጠገባቸው የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። በዚህ ከተማ ውስጥ ከርስዎ ሌላ የሚጽፉት ሰው አልነበራቸውም።»

እዝራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ።

«ለምን?» አለች ፀደንያ። «እንደ አባትህ ነበሩ እኮ!»

ውባንቺ በሚስባህ በኩል ምልክት ሰጠች። ሚስባህ ከእዝራ ሱቅ የተያዘ፣ አቧራ የለበሰ፣ የአቶ ወልደጻድቅ ካርድ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለበት አሮጌ ጠርሙስ ከፍቶ ለጉዲና ጥቂት ቀዳለት። ጉዲና አሸተተ። ቀመሰ። እንደገና አሸተተ።

«አሮጌ አይደለም» አለ። «ማንኛውም ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚገኝ ተራ ወይን ነው። ይህንን ጋሼ እንዴት… » አለና ራሱን አቋረጠ።

«ገባዎት» አለች ውባንቺ። «አቶ እዝራ የውድ ወይን ባዶ ጠርሙስ በተራ ወይን ይሞላሉ። ያንን ሊያስፈርሙ የሚችሉት የማይሸተው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያምነው ቀማሽ ብቻ ነው። አቶ ወልደጻድቅ ጓደኛቸውን አምነው ፈረሙ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት እውነቱን ለሁላችሁም ሊናገሩ ወሰኑ። አስቀድመው ለማን ነገሩ? ለቅርብ ሰዋቸው፤ በስልክ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ። አፍንጫው እንደሌለ ከታወቀ ፊርማው ዋጋ ያጣል፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ እንደገና ይቀመሳል።

«ጣፋጩን ብርጭቆ የመረጡት ለዚህ ነው። ምላስ ብቻ የቀረው ሰው የሚያስደስተው ጣፋጭ ነው፤ ውፍረቱም የመርዙን ምሬት ይሸፍናል። አቶ ወልደጻድቅ ፍርድ ሊሰጡ ቢሆን ከአንደኛው ብርጭቆ ይጀምሩ ነበር። እሳቸው ግን ለመናገር ድፍረት እንዲሰጣቸው የሚወዱትን ብቻ አንስተው ጠጡ። ፖሊስ ግድያ ነው ቢል ደግሞ ብርጭቆው የጉዲና ነው። በሩ ተሰብሮ ሁላችሁም ስትገቡ፣ እርስዎ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኮትዎ ኪስ ውስጥ ከተቱ።»

«የትኛው ወረቀት?» አለ እዝራ፤ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«የቤት ሠራተኛዎ በነጋታው ጠዋት እርስዎ ሳይነሱ ኮቱን ላውንደሪ ወሰደችው። የሽቶና የመድኃኒት ሽታ ክፍሉን አላስገባኝ አለ ብላ። እርስዎም ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ጠይቀዋል፤ ኮቱ ግን ወደ ዋናው ማጠቢያ ተልኮ ነበር። እዚያ ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪስ ይፈተሻል። ኮቱ ሳይታጠብ ደርሰንበታል፤ የኪሱ ገበር የነካውን መርዝ የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ውጤት አግኝቶታል። ወረቀቱም ይኸው።»

አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ውባንቺ ዘረጋችው። ልታነበው ብላ ተወችና ለጉዲና ሰጠችው።

«ለናንተ የተጻፈ ነው» አለች።

ጉዲና በሻከረ ድምፅ አነበበ፦

«ወዳጆቼ፣ በቃል ብናገረው እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ጻፍኩት። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ፣ ምንም አይሸተኝም። የምታመጡልኝን ስቀበል ቀለሙን አያለሁ፤ ከዚያ ፊታችሁን አያለሁ፤ ፊታችሁ የጓጓለትን እናገራለሁ። ጉዲና፣ በሰኔ ያመጣህልኝን እንደዚያ ነው ያሞገስኩት። ከዚያ ወዲህ ስላልደወልክ የሆነ ነገር እንዳበላሸሁ ገብቶኛል፤ ይቅር በለኝ። እዝራ፣ ምስጢሬን ስለጠበቅክልኝ አመሰግንሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ፊርማዬን ከጠርሙሶችህ ላይ አንሳልኝ፤ ያላሸተትኩትን አሽትቻለሁ ማለት አልነበረብኝም። ፀደንያ፣ ዘንድሮም ጥሩ ሽታ ያለው ነገር እንደምታመጪልኝ አውቃለሁ፤ ስታፈዪው ምን ምን እንደሚል ንገሪኝ። ለምን ደበቅከን ብትሉኝ፣ ፈራሁ። የምትመጡት ለአፍንጫዬ መሰለኝ። አፍንጫው ከሌለ በሬን ማን ያንኳኳል ብዬ ነው። ወይኑን ከእንግዲህ እናንተ ቅመሱ። እኔ አብሬያችሁ ልቀመጥ።»

ጉዲና ወረቀቱን ማጠፍ አቃተው። ፀደንያ ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሊጎዱኝ አልፈለጉም» አለ እዝራ፣ ለማንም ሳይሆን። «በስልክ ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር። ‹ቀለለኝ› አሉኝ። ምን እንደሚያፈርሱብኝ እንኳ አላወቁም።» ከዚያ ሚስባህ ክንዱን ሲይዘው ሳያንገራግር ተነሳ።

*

አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ተቆለፈ። ዓለም ፌስታሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ውባንቺ የመኪናዋን መስኮት አወረደች።

«ወዴት ነሽ?»

«ወደ ጎሮ። ታክሲ እስኪመጣ ነው።»

«እኔም ጎሮ ነኝ። ግቢ።»

መንገዱ በበዓል ገበያተኛ ተጨናንቋል። መኪናዋ አንድ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። ከዚያ ዓለም ወደ መስኮቱ እንደዞረች ተናገረች።

«አሥራ አንድ ዓመት ምሳ ሠራሁላቸው። ይበላሉ፣ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ይሉኛል፣ ሳህኑን አነሳለሁ። አንድ ቀን ‹ጣፈጥዎት?› ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር ይሆን?»

ውባንቺ ይነግሩሽ ነበር ልትል ፈለገች። ግን የማታውቀውን መናገር አልለመደችም።

«እንጃ» አለች። «ይነግሩሽ ይሆናል።»

ዓለም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። መኪናዋ እንደገና ቆመች። ከፊታቸው አንድ ሰው ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ በመኪኖች መካከል ያቋርጣል።

«ነገ ከማን ጋር ነው የምትውዪው?» አለቻት ውባንቺ።

«እኔ? ከማንም። ከሳቸው ጋር ነበር የምውለው። በዓል በዓል ‹አብረን እንብላ› ይሉኛል።» ፊቷን ወደ ውባንቺ መለሰች። «አንቺስ፣ እህቴ?»

ውባንቺ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ «ሥራ እገባለሁ» የሚል። አፏ ላይ መጣ። አልወጣም።

«ብቻዬን ነኝ» አለች። «ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ ልውሰድሽ?»